ጭሱ በየት ይወጣል? ለቤት የሚስማማ ምድጃ ስለ መምረጥ

ይህ ጽሑፍ ለሕዝብ ከተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር ተቃንቶ ለኅትመት የተዘጋጀ ነው።

 

የዚህ ንግግር ዓላማ፣ ቤት የሚሠራ፣ ቤት የሚያድስ ወይም ማድ ቤቱን የሚያደራጅ ሰው ምድጃ ሲመርጥ በምን መመዘን እንዳለበት ማስረዳት ነው። ምድጃ የሚለው ቃል እዚህ ሰፋ ተደርጎ ተወስዷል፤ እንጀራ የሚጋገርበትም፣ ወጥ የሚሠራበትም፣ ቡና የሚፈላበትም፣ ሳሎን ውስጥ ከግድግዳ ጋር ተገንብቶ ቤት የሚያሞቀውም ሁሉ ምድጃ ነው። ንግግሩ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ እሳቱ ለምን ሥራ እንደሚፈለግ፣ ቀጥሎ ጭሱ በየት እንደሚወጣ፣ በመጨረሻም ማገዶው ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚሸከመው ይታያል። ከሦስቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ ሰፊውን ጊዜ የሚወስደውም እሱ ይሆናል።

በአማርኛ ትዳር መያዝ ሦስት ጉልቻ መመሥረት ይባላል። ሙሽሮቹ ግድግዳ ከማቆማቸው፣ ጣሪያ ከመክደናቸው በፊት ቤታቸው በእሳቱ ይጠራል። ስለዚሁ ጉልቻ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ተረት አለ፦ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ተረቱ ስለ ወጥ ጣዕም ልክ ነው። ስለሚፈጀው እንጨት፣ ስለሚያለቅሰው ዓይንና ስለሚያስለው ደረት ሲጠየቅ ግን የጉልቻ መለዋወጥ ብዙ ነገር ይለውጣል።

ምን ያህል እንደሚለውጥ አንድ ቁጥር ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከምድጃ የሚወጣ የቤት ውስጥ የአየር ብክለት ባስከተለው ሕመም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ከምድጃው ፊት ይውላል፤ እናቱ የምትተነፍሰውን አየር እሱም ይተነፍሳል። ስለዚህ የምድጃ ምርጫ የዕቃ ምርጫ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክፍል እንግባ፤ እሳቱ ለምን ሥራ ይፈለጋል?

እንጀራ የሚጋግር እሳት ሰፊ መሆን አለበት። ምጣዱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሸክላ ነው፤ መሐሉ ግሎ ዳሩ ከቀዘቀዘ እንጀራው መሐል ላይ እያረረ ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ወጥ የሚሠራ እሳት ጠባብና ጉልበተኛ መሆን አለበት፤ ቁሌቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ በርዶ ቀስ ብሎ እንዲያንተከትክ ይፈለጋል። ለቡና አንድ እፍኝ ፍም ይበቃል። ቤት የሚያሞቅ እሳት ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ሙቀቱን ቀስ እያለ፣ ለሰዓታት፣ ለሰው ገላና ለግድግዳው ማከፋፈል አለበት። እነዚህን አራቱን እኩል አሳምሮ የሚሠራ አንድ ምድጃ የለም። ሁሉን ቻይ ነው ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ሲገጥም፣ ገዢው ከአራቱ የትኛውን በየቀኑ እንደሚሠራበት አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ አለበት።

ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ የተነሣው ከዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ተነድፎ የተስፋፋው ይህ ምድጃ የሚሠራው ከሲሚንቶና ከአሸዋ፣ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ ነው። ስድስት ክፍሎች አሉት፤ አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱ የሚያርፍበትን ክብ ግድግዳ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ጭሱ በሚወጣበት በኩል ድስት የሚጣድበትን ቦታ ይሠራሉ። ዋናው ብልሃቱ እሳቱን ዙሪያውን መክበቡ ነው። በጉልቻ ላይ ነበልባሉ በሦስት ወገን ሾልኮ ይወጣል፤ የጋጋሪዋን ቅልጥም ይለበልባል፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አቅጣጫውን ይቀይራል። ከሚነደው እንጨት ሙቀት ምጣዱ ጋ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ምርጥ ላይ የምትጋግር እናትን እጅ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ስለ ምድጃ ብዙ ይማራል። ከሁሉ በፊት የክፍሎቹን መገጣጠሚያ በጭቃ ትመርጋለች፤ ቀዳዳ ከቀረ ሙቀቱ በዚያ እንደሚያመልጥ ታውቃለች። ጭራሮውን በፊት ለፊቱ በር አስገብታ ታያይዛለች። ምጣዱ ሲግል በጎመን ዘር ታስሰዋለች፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሐል ታፈሰዋለች፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን ትከድናለች። በዚህ መሐል ከኋላ የተጣደው ድስት ውስጥ ያለው ውሃ መፍላት ጀምሯል፤ በጉልቻ ቢሆን ባክኖ የሚሄደው ሙቀት ለሽሮው ውሃ አፈላ ማለት ነው። እንጨት የምትጨምረው አንድ አንድ ፍልጥ እየመጠነች ነው፤ በሩ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ልጨምር ብትል እንኳ አይገባላትም።

ይህ ምድጃ በቤተ ሙከራ ሲለካ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በገጠር ማድ ቤቶች፣ ሴቶቹ ራሳቸው እየጋገሩበት በተደረገ ልኬት ግን ቁጠባው ከ20 እስከ 30 በመቶ አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የምድጃውን ዋጋ አይቀንሰውም፤ ከሚሸከሙት አራት እስር አንዱን ማስቀረት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን እርጥብ እንጨት የሚነድበትና መገጣጠሚያው ያልተመረገ ጥሩ ምድጃ የተነገረለትን ያህል እንደማይሰጥ ገዢው ሊያውቅ ይገባል። በሌላው ሥራ በኩል ለድስት ትክክል የተባለው፣ ለከሰል ደግሞ ላቀች የተባለው ምድጃ አለ። ላቀች ከኬንያው የሸክላ ምድጃ የተቀዳ ሲሆን፣ የቆርቆሮው ሆድ በሸክላ ስለተሸፈነ ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ይልቅ ሙቀት ይይዛል፤ ከከሰሉም ሩብ ያህሉን ያስቀራል።

የእሳቱ ሥራ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ጭሱ በየት ይወጣል የሚለው ነው። ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው።

ብዙ ሰው ጭስ እሳቱ ገፍቶ የሚያስወጣው ይመስለዋል። በእውነቱ ጭስ ይሳባል። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱ ሲወጣ የለቀቀውን ቦታ ለመሙላት ሌላ አየር ከክፍሉ ወደ እሳቱ ይገባል። ቱቦው በረዘመና ውስጡ በሞቀ መጠን የመሳብ ኃይሉ ይበረታል፤ ካጠረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከተጣመመ ኃይሉ ይደክማል። ጭስ ማውጫው በቤቱ መሐል ሲያልፍ ግድግዳው ሙቀቱን ይጠብቅለታል፤ ከውጭ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ብርድ ላይ የቆመው ግን ጠዋት ሲለኮስ ጭሱን ወደ ሳሎን መልሶ ሊተፋው ይችላል። ጫፉም ከጣሪያው በላይ በቂ ርቀት መውጣት አለበት። ብዙ ግንበኞች የሚሠሩበት መለኪያ፣ ጭስ ማውጫው ጣሪያውን ሰንጥቆ ከወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር ደግሞ በ60 ሳንቲ ሜትር እንዲበልጥ ያዛል። አጠገቡ ያለ ረጅም ፎቅ ነፋሱን ቁልቁል ወደ ቱቦው ስለሚልከው፣ ዛሬ ጥሩ የሚስብ ጭስ ማውጫ ነገ ጎረቤቱ ሲገነባ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል።

ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ የተለየ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ያንኑ እንጨት ለማንደድ ብዙ አየር መሳብ ያስፈልጋል፣ አየሩ ደግሞ ስስ ስለሆነ ቱቦው የሚስብበት ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ ከተማ ተብሎ የተነደፈ ጭስ ማውጫ በልኩ ተቀድቶ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ቢገነባ ሊያጥር ወይም ሊጠብ ይችላል። ከውጭ የገባ የጋዝ ምድጃም ቢሆን ለከፍታው ካልተስተካከለ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ይተፋል። ግንበኛው ወይም ሻጩ ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ይህ የተነደፈው ለየት ነው የሚል ነው።

ቪላ ቤት ሳሎን ውስጥ ከድንጋይ የሚገነባው ክፍት የእሳት ቦታ ለዓይን እጅግ ያምራል። ሙቀት ለማግኘት ተብሎ ከሆነ ግን ከሁሉም አባካኙ እሱ ነው። ከእንጨቱ ሙቀት ለክፍሉ የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ የቀረው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ሲሄድም ቀድሞ የሞቀውን የሳሎን አየር ይዞ ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው እንግዳ ጉልበቱ ሲግል፣ ከኋላ በበሩ ሥር የሚገባው ብርድ ጀርባውን የሚያቀዘቅዘው ለዚህ ነው።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ማሳቹሴትስ ተወልዶ በአውሮፓ የሠራው ቤንጃሚን ቶምፕሰን፣ በማዕረግ ስሙ ካውንት ራምፎርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1796 ስለዚሁ ጉዳይ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። የለንደን ምድጃዎች ጥልቅና ሰፊ ስለነበሩ ጭሳቸው ቤት ይሞላ ነበር። ራምፎርድ ሦስት ነገር አደረገ፦ ሆዱን አሳነሰ፣ የጎን ግድግዳዎቹን ሙቀት ወደ ክፍሉ እንዲመልሱ አጋደላቸው፣ ጭሱ የሚያልፍበትን ጉሮሮ አጠበበ። ዛሬም ክፍት የእሳት ቦታ ካልሠራሁ የሚል ሰው ለግንበኛው እነዚህን ሦስት ነገሮች ማዘዝ ይችላል። ከዚያ የሚሻለው ግን በር ያለው የብረት ምድጃ ነው። በሩ የሚገባውን አየር ስለሚመጥን ከእንጨቱ ሙቀት ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ለክፍሉ ይሰጣል፤ እንጨቱም ቀስ ብሎ ይነዳል።

ጭስ ማውጫው መሳቡን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በሮችና መስኮቶች ይዘጉ፤ ማጨሻ ላይ ጥቂት ዕጣን ይጨስና እሳቱ ሳይለኮስ በምድጃው አፍ ላይ ይያዝ። የዕጣኑ ጭስ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ከገባና ሽቅብ ከተሳበ ደህና ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ይባስ ብሎም ወደ ሰው ፊት ከዞረ፣ ቱቦው ተዘግቷል፣ ቀዝቅዟል ወይም ቤቱ አየር አጥቷል ማለት ነው። አንድ መስኮት ትንሽ ከፈት ተደርጎ ይደገም፤ ጭሱ ያኔ ከተሳበ ጥፋቱ የቤቱ መታፈን ነው። ማድ ቤት ውስጥ የሚሠራ አየር መሳቢያ ካለም እሱን አብርቶ መሞከር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሳሎኑን ጭስ መልሶ የሚጎትተው እሱ ነው።

እስካሁን የተነገረው ዓይን ስለሚያየው ጭስ ነው። ከዚያ የሚከፋው የማይታየው ነው። ከሰል ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ ብዙ ቤተሰብ ማንደጃውን ወደ ቤት ያስገባል፤ ጭሱ አልቋል፣ አሁን አይጎዳም ይባላል። ፍሙ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ መልቀቁን አያቆምም። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ኦክስጅንን ከሚሸከመው የደም ክፍል ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያጥወለውላል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ ተኝቶ የነበረ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ይሞታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ በር ዘግቶ ከማንደጃ አጠገብ መተኛት በየዓመቱ ቤተሰብ የሚፈጅ ስሕተት ነው። ፍሙ ላይ ዕጣን ወይም ጨው መነስነስ ጋዙን አይቀንሰውም። ጭስ ማውጫ አያስፈልጋቸውም ተብለው የሚሸጡት የአልኮል ማሞቂያዎችም እሳት እስከሆኑ ድረስ ከክፍሉ አየር ይበላሉ፤ መስኮት ይፈልጋሉ።

ይህ ጉዳይ ባሕር ማዶ ያሉትንም ይመለከታል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ ሳሎኑ ውስጥ ቀድሞ የተሠራ የእሳት ቦታ ያገኛሉ፤ የእንጨት ወይም የጋዝ ይሁን፣ ጭስ ማውጫው መቼ እንደተጠረገ ሳይጠየቅ መለኮስ የለበትም። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ ጭስ ማውጫ በየዓመቱ እንዲታይ ይመክራል፤ ምክንያቱም ያልነደደ የእንጨት ጭስ ቱቦው ውስጥ እንደ ቅጥራን ይጋገራል፣ አንድ ቀንም ራሱ ይቀጣጠላል። ዘመድ ሲሰበሰብ በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ በከሰል ቡና የማፍላት ልማድም በኤሌክትሪክ ምድጃ ሊተካ ይገባዋል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ትንሽ ዕቃ ነው፤ መኝታ ቤቶቹ አጠገብ ይሰቀል።

ሦስተኛው ክፍል ማገዶውን ይመለከታል። ምድጃ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚበላው ግን በየቀኑ ነው።

አዲስ አበባ ራሷ በማገዶ እጦት ልትፈርስ የተቃረበች ከተማ ናት። በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ተመናመነ፤ ዳግማዊ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ አደገ፣ ተቆርጦም መልሶ አቆጠቆጠ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት የእንጦጦን ቁልቁለት ወገባቸውን አጉብጠው፣ አንዳንዴ የራሳቸውን ክብደት የሚስተካከል እንጨት ተሸክመው የወረዱት ሴቶች ናቸው። ከተማው ውስጥ የአንድ ምድጃ ብክነት ተራራው ላይ የአንዲት ሴት ሸክም ነበር ማለት ነው።

እንጨት የሚያነድ ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለው ርካሹ ማሻሻያ ማድረቅ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ ያን ውሃ ለማትነን ብቻ ብዙ ሙቀት ይጠፋል፣ ጭሱም ይበዛል። ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ተደርድሮ፣ ከላይ ተከድኖ ጎኑ ነፋስ ከነፈሰው፣ በጋውን አልፎ ውኃው ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ ሲጋጩ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ድም ይላል። ከሰል በበኩሉ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ከሁሉም ውድ ነው፤ በባህላዊው የአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይቃጠላል።

መስመር በደረሰበት ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭስ የሚባለውን ነገር ከማድ ቤት ያስወጣል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ ጭሱን ከማድ ቤቱ ወደ ሌላ ቦታ አያዛውረውም። ነገር ግን ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። ይህ ለተራ ሶኬት ጫፉ ነው። ስለዚህ ምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ መስመር፣ ወፍራም ሽቦና የራሱ ማቋረጫ ሊኖረው ይገባል፤ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ መጋገር ቤት ያቃጥላል። አራትና ከዚያ በላይ ከብት ላለው የገጠር ቤተሰብ ደግሞ ባዮጋዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከመሬት በታች የሚቀበር፣ ከ4 እስከ 10 ሜትር ኩብ የሚይዝ ጉድጓድ አስተዋውቋል። እበትና ውኃ በየቀኑ ይገባል፤ ጋዙ ለድስትና ለመብራት ይበቃል፣ ዝቃጩ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ውኃ ከሩቅ የሚቀዳበት ቤት ግን ይህን ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚቀዳው ማሰብ አለበት። የሲሊንደር ጋዝ ለድስት ፈጣን ነው፤ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ መሬት ላይ ይተኛል፣ ሲሊንደሩም ከቤት ውጭ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አንድ ላይ ሲታዩ ፍርዱ እንዲህ ይሆናል። መብራት ብዙም የማይቋረጥበት የከተማ ቤት ለእንጀራው የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ለድስቱም ኤሌክትሪክ ወይም ጋዝ ይምረጥ፤ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ምርጥ ምድጃ ከቤቱ ውጭ ባለ ማድ ቤት ይኑረው። እንጨት ላይ የሚኖር የገጠር ቤተሰብ ምርጥ ምድጃ ይያዝ፤ ማድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ፣ ከጣሪያው ሥር ጭስ የሚወጣበት ክፍተት ይተውለት። ከብት ያለውና ውኃ የቀረበው ባዮጋዝን ያስብበት። በደጋ ብርድ ሳሎኑን ማሞቅ የሚሻ፣ የሚያነደው ማታ ማታ ከሆነ በር ያለው የብረት ምድጃ፣ ቀጥ ካለና በቤቱ መሐል ከሚያልፍ ጭስ ማውጫ ጋር ያሠራ፤ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ ግን 2,000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለ4 ሰዓት 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራልና፣ ይህን ከግንባታው ወጪ ጋር አስተያይቶ ይወስን። ለጌጥ ብሎ ክፍት የእሳት ቦታ የሚያስገነባ ሰውም መብቱ ነው፤ ጌጥ መሆኑን አውቆ ይሥራው።

አድማጮች፣ አዲስ ምድጃ መግዛት ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ ሁሉም ሰው በአንድ ወር አያደርገውም። ዛሬ ማታ ያለ ምንም ወጪ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር ግን አለ። ከዚህ ስትመለሱ ቤታችሁ ውስጥ የከሰል ማንደጃ ካለ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ወደ ውጭ አውጡት። ጎረቤታችሁ ዘንድም እንዲሁ መደረጉን ጠይቁ።